ከሥሩ የንጉሥ ስም ያለበት የጄድ ዕቃ፦ ክዳኑን ያንሱና ውስጡን ይዩ

ጥያቄ፦ «ሚኒሶታ ነው የምኖረው። ባለፈው ወር የአንዲት ሟች አሮጊት የቤት ዕቃ ሲሸጥ ክዳን ያለው የጄድ ዕቃ በ180 ዶላር ገዛሁ። ቁመቱ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ቀለሙ ነጣ ያለ አረንጓዴ። በሁለቱም ጎን የአውሬ ፊት የሚመስል እጀታ አለው፤ ከእጀታው ላይ የሚንቀሳቀስ ቀለበት ተንጠልጥሏል። ከሥሩ አራት የቻይና ፊደል አለ። የስልኬ አፕ ሲተረጉመው የንጉሥ ቺየንሎንግ ዘመን ብሎኛል። ‹የተፈጥሮ ጄድ› የሚል ካርድም አብሮት ነበር። ክዳኑ ተሰብሮ በሙጫ ተጣብቋል። ፎቶውን ያየ አንድ ሰው ዛሬውኑ በ3,000 ዶላር ልውሰደው ይላል። ጓደኛዬ ደግሞ በቢላ ጫሪው፣ ካልተጫረ እውነተኛ ነው ትላለች። መጀመሪያ በበረኪና ላጽዳው? ልሽጠው ወይስ ልያዘው?»

መልስ፦

በረኪናውን ወደ ቦታው ይመልሱት። ቢላዋውንም። የሦስት ሺህ ዶላሩ ሰውዬም ትንሽ ይጠብቅ፤ ዕቃው የትም አይሄድም።

ጥያቄዎ ውስጥ ሦስት ነገሮች ተደባልቀዋል። ድንጋዩ ምንድን ነው? መቼ ተሠራ? ስንት ያወጣል? ሦስቱ በተለያየ መንገድ ነው የሚመለሱት። ካርዱ ቢታመን እንኳ የሚናገረው ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ሁለተኛውን የመለሰ ይመስላል፤ ግን አልመለሰም። የቢላዋው ሙከራ ደግሞ አንዱንም አይመልስም፤ ዕቃውን ግን ሊያበላሽ ይችላል።

ከድንጋዩ እንጀምር። ጄድ የአንድ ድንጋይ ስም አይደለም። ሁለት የተለያዩ ድንጋዮች በዚህ ስም ይጠራሉ፤ ኔፍራይት እና ጄዳይት። (ከመጽሐፍ ቅዱስ የምናውቀው ኢያስጲድ ሌላ ድንጋይ ነው፤ የሚያምታታው ሰው ብዙ ስለሆነ ነው የማነሳው።) ሁለቱን የለያቸው ፈረንሳዊው ኬሚስት ዳሙር ነው፤ በ1863። ቻይናዎች ለሺዎች ዓመታት የሠሩበት ኔፍራይትን ነው። ከሁሉ የሚከበረውም በስተምዕራብ፣ በሆታን ካሉ ወንዞች የሚለቀመው ነበር። ጄዳይት ከበርማ በብዛት መግባት የጀመረው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ስለዚህ የጄዳይት ጽዋ ይዞ «ይሄ የሚንግ ዘመን ነው፣ አምስት መቶ ዓመቱ» የሚል ሰው ካጋጠመዎት ወሬውን እዚያው ላይ ማቆም ይችላሉ።

ከሁለቱ ውጪ ያለው የገበያ ስም ነው። «ኒው ጄድ» የሚሉት ሰርፐንታይን ነው፤ ለስለስ ያለ፣ ሲያዩት ሳሙና የሚመስል ድንጋይ። «ኢንዲያን ጄድ» አቬንቹሪን የተባለ የኳርትዝ ዓይነት ነው። «ማላይ ጄድ» ቀለም የተነከረ ኳርትዛይት ነው። ካርድዎ ላይ «የተፈጥሮ» የሚለው ቃል ደግሞ ብርጭቆ ወይም ፕላስቲክ አይደለም ከማለት ብዙም አያልፍም። በቻይንኛ «ዩ» የሚለው ቃል ከኔፍራይትና ከጄዳይት ሰፋ ያለ ነው፤ ሰርፐንታይንንም ይጨምራል። ስለዚህ ካርዱ ሳይዋሽ ሊያሳስትዎት ይችላል።

ይህ የስም ጉዳይ አዲስ አይደለም። ቤጂንግ ቤይሃይ መናፈሻ አጠገብ፣ «ክብ ከተማ» በሚባለው ቅጥር ውስጥ አንድ ግዙፍ የድንጋይ ገንዳ አለ። ክብደቱ 3,500 ኪሎ ገደማ ነው። በ1265 ለሞንጎሉ ንጉሥ ለኩብላይ ካን የወይን ጠጅ ማስቀመጫ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ዙሪያውን የባሕር ማዕበልና አውሬዎች ተቀርጸውበታል። ከዘመናት በኋላ አንድ የታኦ ገዳም እጅ ገባ። መነኮሳቱ ጎመን በጨው ይዘፈዝፉበት ነበር። ቺየንሎንግ በ1745 ይህን ሲሰማ ገዝቶ አስመጣውና የራሱን ግጥም አስቀረጸበት። የዘመኑ ባለሙያዎች ድንጋዩን ሲመረምሩት ኔፍራይት አይደለም፤ ከሄናን የሚወጣ ዱሻን የሚባል ድንጋይ ነው አሉ። ዛሬ ቁራሹን ላቦራቶሪ ብትወስዱት «ጄድ» የሚል ወረቀት ላያገኝ ይችላል። ገንዳው ግን በገንዘብ የማይተመን የአገር ቅርስ ነው። የድንጋዩ ስምና የዕቃው ዋጋ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም ማለት ነው።

ወደ ቢላዋው ልመለስ። ኔፍራይት በጥንካሬ መለኪያ ከ6 እስከ 6.5 ነው። ተራ ቢላ 5.5 ገደማ ነው። አልተጫረም ማለት ጄድ ነው ማለት አይደለም፤ ኳርትዝም አይጫርም፣ አንዳንድ ብርጭቆም አይጫርም። ሰርፐንታይን ከሆነ ደግሞ ጥሩ የነበረ የጌጥ ዕቃ ላይ ጠባሳ ያተርፋሉ። የባሰው ግን ሌላ ነው። መቃብር ውስጥ ብዙ ዘመን የቆየ እውነተኛ ጄድ ላዩ ይለወጣል፣ ይነጣል፣ ይለሰልሳል። በቢላ የሚጫረው እንግዲህ እሱ ነው። ይህ ሙከራ ሐሰተኛውን አሳልፎ ውዱን ያቆስላል። እኔም ጀማሪ ሳለሁ ኪስ ውስጥ በምትታጠፍ ቢላ ሞክሬዋለሁ። ድንጋዩ ላይ ግራጫ መስመር ሲወጣ ልቤ ቀጥ አለች። በአውራ ጣቴ ስፈትገው ጠፋ። ለካ የተፋቀው ድንጋዩ ሳይሆን የቢላው ብረት ነው። ዕድለኛ ነበርኩ።

ፀጉር ጠምጥሞ በእሳት መሞከር፣ ጉንጭ ላይ አድርጎ ቅዝቃዜውን ማየት፣ በጥፍር መታ አድርጎ ድምፁን መስማት፤ እነዚህም መልስ አይሆኑም። የትኛውም ድንጋይ ከፕላስቲክ ይቀዘቅዛል። በየትኛውም ድንጋይ ላይ የተጠመጠመ ፀጉር ቶሎ አይቃጠልም።

ቤትዎ ሆነው ሊያደርጉት የሚችሉት አንድ ጥሩ ነገር አለ። የኩሽና ዲጂታል ሚዛን፣ ሰፋ ያለ ጎድጓዳ ሳህን እና ጠንካራ የናይለን ክር ያዘጋጁ። ክዳኑን አንስተው ያስቀምጡ፤ እሱ ሙጫ ስላለው ውኃ አይንካው። የእንጨት መቀመጫ ካለውም ያውጡለት። ገላውን ብቻ ይመዝኑና ቁጥሩን ይጻፉ። ከዚያ ሳህኑ ውስጥ፣ ወለሉ ላይ ትንሽ ፎጣ አንጥፈው ውኃ ይጨምሩበት፤ ዕቃው ሲገባ እንዳይፈስ ከአፉ ጎደል ይበል፤ ከነውኃው ሚዛኑ ላይ ያስቀምጡና ሚዛኑን ወደ ዜሮ ይመልሱት። አሁን ዕቃውን በክር አስረው ሙሉ በሙሉ ውኃው ውስጥ ያጥልቁት። ክሩን በእጅዎ ይያዙ፤ የሳህኑን ወለልም ግድግዳውንም አያስነኩት። ውስጡ አየር እንዳይቀር ዘንበል አድርገው ያስወጡት። ሚዛኑ የሚያሳየውን ይጻፉ። የመጀመሪያውን ቁጥር ለሁለተኛው ያካፍሉ።

ለምሳሌ ደረቁን 640 ግራም ከመዘነ፣ ውኃው ውስጥ ደግሞ ሚዛኑ 217 ካሳየ፣ ውጤቱ 2.95 ነው። ኔፍራይት ከ2.90 እስከ 3.03 ባለው ውስጥ ይወድቃል። ጄዳይት 3.3 አካባቢ ነው። ሰርፐንታይን 2.6 አካባቢ፣ ኳርትዝ 2.65፣ እብነ በረድ 2.7። ብዙው ብርጭቆ 2.5 ገደማ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ይድገሙት። የደላንታ ኦፓል የያዘ ሰው «ውኃ ውስጥ ንከሩት» ሲባል ይደነግጣል፤ ልክ ነው፣ ያኛው ውኃ ይጠጣል። ኔፍራይት ግን ውኃ ምንም አያደርገውም። የሚያሰጋው ከእጅ መውደቁ ብቻ ነው፤ ፎጣው ለዚያ ነው።

ውጤቱ 2.6 ከሆነ የንጉሥ ቤት ወሬ በዚሁ ያበቃል ማለት ይቻላል። 2.95 ከሆነ ደግሞ ገና መጀመሩ ነው።

ምክንያቱም ኔፍራይት መሆኑ ዕድሜ አይነግርም። ድንጋዩ ራሱ በብዙ ሚሊዮን ዓመታት ይቆጠራል፤ እኛ የምንፈልገው ሰው እጅ የገባበትን ቀን ነው። አጥንትና እንጨት በካርበን ይለካል። ሸክላ ሲተኮስ የቆጠረው ሰዓት አለው። ድንጋይ ግን ሲፈጭ ሰዓት አይጀምርም። የጄድ ዕቃን ዕድሜ በማሽን አንብቦ ዓመተ ምሕረት የሚሰጥ ላቦራቶሪ የለም። እሰጣለሁ ካለ ገንዘብዎን ይያዙ። ዕድሜ የሚገመተው ከድንጋዩ ምንጭ፣ ከቅርጹ እና ከእጅ ሥራው ነው።

የእጅ ሥራውን ላስረዳ፤ የነገሩ ልብ እዚህ ነው። «የተቀረጸ ጄድ» እንላለን እንጂ ጄድ አይቀረጽም። ኔፍራይት እንደ ተፈተለ ጥጥ እርስ በርሱ የተጠላለፈ ቃጫ ነው፤ መሮ አይገባውም። እንደ ወፍጮና መጅ ነው የሚሠራው፤ ይፈጫል። የድሮ ባለሙያ እንደ ሸማኔ ሁለት መርገጫ በእግሩ እየረገጠ ዘንግ ያሽከረክራል። ዘንጉ ጫፍ ላይ የብረት ሰሃን አለ። በእጁ ድንጋዩን ይዞ እርጥብ አሸዋ እየጨመረ ያስጠጋል። የሚበላው ብረቱ አይደለም፤ አሸዋው ነው። አንድ ዕቃ ወራት፣ አንዳንዱም ዓመታት ይወስድ ነበር።

አሁን የእርስዎን ዕቃ ያስቡ። ሆዱ ሰፊ፣ አፉ ጠባብ ነው እንበል። ውስጡ እንዴት ወጣ? በመጀመሪያ በአፉ በኩል ቱቦ በሚመስል መሰርሰሪያ ተወግቶ መሐሉ እንደ ምሰሶ ተሰብሮ ይወጣል። ከዚያ ጎበጥ ባለ ብረትና በአሸዋ፣ ትከሻው ሥር፣ ዓይን በማያየው ቦታ ቀስ እያለ ይፈጫል። ይህን ሥራ ማንም አያይም፤ ብዙ ድካም ግን ይበላል። የቤተ መንግሥት ሥራ ከሆነ ውስጡም ውጩን ተከትሎ ይታጠፋል፤ ልስላሴውም ከውጩ ብዙም አያንስም። ለሽያጭ የተሠራ ቅጂ ግን እዚህ ጋ ይለግማል። ግድግዳው ወፍራም ይሆናል፤ ውስጡ ቀጥ ያለ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል፤ የመሰርሰሪያው ክብ ክብ ጭረት እንዳለ ይታያል።

ስለዚህ ክዳኑን ያንሱና የስልክዎን መብራት ወደ ውስጥ ያብሩ። ጣትዎን አስገብተው ትከሻው ሥር ይዳስሱ። ቀጥሎ አሥር እጥፍ የሚያጎላ አጉሊ መነጽር ይግዙ፤ ውድ አይደለም። ቀለበቶቹን ወደ ጎን ገፋ አድርገው እጀታው ጀርባ ያለውን ቦታ ይዩ። ቀለበቱ ከዚያው ድንጋይ ሳይቆረጥ የወጣ ነው፤ ስለዚህ ከጀርባው ያለው ገጽ ለመድረስ ከሁሉ አስቸጋሪው ነው። ደህና ባለሙያ እሱንም ያለሰልሰዋል። የአውሬው ፊት ዙሪያ ያለው መደብ እንደ ጠረጴዛ ለጥ ያለ ነው ወይስ ይወዛወዛል? ጠርዞቹ እጅ ሲነካቸው ለስለስ ይላሉ ወይስ ትናንት እንደ ተቆረጠ ስለት አላቸው? በዘመናዊ የአልማዝ መሣሪያ በፍጥነት የተሠራ ዕቃ ጥርት ያሉ፣ አንድ ወጥ ጭረቶችን በየማዕዘኑ ይተዋል። የብሪቲሽ ሙዚየም ተመራማሪዎች እንዲህ ያለውን ምልክት በሲሊኮን አትመው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አጥንተዋል፤ ዘዴው ይሄው ነው፣ መሣሪያው ነው የሚለያየው።

ከዚያ በኋላ ብቻ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ይዩ። ቺየንሎንግ ከ1736 እስከ 1795 ነገሠ። በ1759 ጦሩ ዛሬ ሺንጂያንግ የሚባለውን አገር ሲይዝ የሆታን ድንጋይ እንደ ልብ መግባት ጀመረ። የትልልቆቹ የጄድ ሥራዎች ዘመን የመጣው ያኔ ነው። በ1787 የተጠናቀቀውና ዛሬ በቤጂንግ ቤተ መንግሥት ሙዚየም ያለው «ንጉሥ ዩ ጎርፉን ሲገራ» የተባለው የጄድ ተራራ ቁመቱ ከሁለት ሜትር ያልፋል። የእርስዎ ዓይነት ቅርጽም፣ የአውሬ ፊትና ተንጠልጣይ ቀለበት ያለው፣ ያኔ ተወዳጅ ነበር። ቅርጹ የተወሰደው ከጥንት የነሐስ ዕቃዎች ነው። ንጉሡ ራሱ ነጋዴዎች የሚያሠሩትን የተንዛዛ ጄድ ይጠላ ነበር፤ በግጥሞቹ ውስጥ «የጄድ መከራ» ብሎታል።

እንዲህ ያለ ስም ያለው ንጉሥ ስሙ ይሰረቃል። ከእሱ በኋላ እስከ ዛሬ የእሱ ስም የተጻፈበት ጄድ ተሠርቷል፤ አንዳንዱ ለማታለል፣ አንዳንዱ እንደ አክብሮት። ዕቃው አሮጌ ሆኖ ጽሑፉ ብቻ በኋላ የተጨመረበትም አለ። አራት ፊደል መጻፍ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። በአጉሊ መነጽር ሲያዩት በድሮው የብረት ሰሃን የተጻፈ መስመር ጫፍና ጫፉ ይሳሳል። በፈጣን መሣሪያ የተጻፈው ብዙ ጊዜ ጫፉ ድቡልቡል ነው፤ መስመሩም ይንቀጠቀጣል።

ከፎቶ እርግጠኛ የሚሆን ሰው ሲያጋጥምዎት ሁለት ታሪክ ያስታውሱ። በ2011 ቤጂንግ ውስጥ የሃን ዘመን ነው የተባለ የጄድ መኳኳያ ጠረጴዛ ከነበርጩማው በ220 ሚሊዮን ዩዋን ተሸጠ። ሃን ማለት ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ነው። በዚያ ዘመን ቻይናዎች መሬት ላይ ምንጣፍ አንጥፈው ነበር የሚቀመጡት፤ በርጩማ ከየት መጣ? ኋላ ላይ ፒዦ በምትባል ከተማ ያሉ ባለሙያዎች ዕቃውን እኛ ነን በ2010 የሠራነው አሉ። በዚያው ዓመት ይፋ የወጣው ሌላው ደግሞ ይብሳል። አምስት ባለሙያዎች በወርቅ ክር የተሰፋ የጄድ ልብስን 2.4 ቢሊዮን ዩዋን ብለው ገመቱት፤ ባለቤቱ በዚያ ግምት ከባንክ ተበደረ። ልብሱ ሐሰተኛ ነበር። ባለሙያዎቹ ያዩት በመስታወት ሣጥን ውስጥ እንዳለ ነው። ለዚህ ነው እኔም ፎቶዎን አይቼ «አዎ» ወይም «አይ» የማልለው። እነሱ እንኳ አንድ መስታወት ብቻ ነበር የጋረዳቸው።

ስለ ማርጀት ማስመሰያ በአጭሩ። ቡናማ ቀለም ይቀባሉ፣ በአሲድ ያበላሻሉ፣ አመድ እስኪመስል ይለበልባሉ። ቀለሙ ስንጥቅና ጉድጓድ ውስጥ ብቻ ከተጠራቀመ፣ ቅርጹንም አክብሮ የሚሄድ ከሆነ ይጠርጥሩ። የተፈጥሮ ቀለም ሥዕሉ የት እንደሚያልቅ አያውቅም።

የክዳኑን ጥገና ግን አይነካኩት። ሙጫውን በአሴቶን ላስለቅቅ አይበሉ፤ ይህን የሚሠራ የቅርስ ጥገና ባለሙያ አለ። ስብራት ዋጋ ይቀንሳል፤ መጥፎ ጥገና ግን የበለጠ ይቀንሳል። ጽዳትም ለብ ባለ ውኃና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል፤ ያውም ለገላው ብቻ፣ ባለሙያ ካየው በኋላ። ብዙ አሮጌ ጄድ ላዩ ሰም ስለተቀባ ሙቅ ውኃ፣ በረኪና፣ የጌጥ ማጽጃ ማሽን አይስማማውም። ሲያነሱት በሁለት እጅ ከሆዱ ይያዙት። በቀለበቱ ወይም በክዳኑ ጫፍ ማንሳት ክልክል ነው።

አሁን ዋጋ። ሰርፐንታይን ከሆነ የከፈሉት 180 ዶላር ከዋጋው ብዙም የራቀ አይደለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ደህና ኔፍራይት ከሆነ ከመቶዎች እስከ ጥቂት ሺዎች ዶላር ሊያወጣ ይችላል፤ የተሰበረው ክዳን ግን ይጎትተዋል። በእውነት የቤተ መንግሥት ሥራ ከሆነ 3,000 ዶላር ቀልድ ነው። የእኔ ግምት? እንዲህ ዓይነት ዕቃ ሲቀርብልኝ አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው ከመጀመሪያዎቹ ሁለት አንዱ ነው። ሦስተኛው የሎተሪ ያህል ነው፤ ሎተሪ ግን ለሰው ይደርሳል።

ስለዚህ የምመክርዎት ይህን ነው፤ በዚሁ ቅደም ተከተል። አሁን አይሽጡት። ውኃ ውስጥ ይመዝኑት። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ወደ ሚኒያፖሊስ የሥነ ጥበብ ተቋም ይሂዱ፤ ዕድለኛ ነዎት፣ ከአሜሪካ ጥሩ የቻይና ጄድ ስብስብ ካላቸው አንዱ ደጅዎ ላይ ነው፣ መግቢያውም ነፃ ነው። የቺየንሎንግ ዘመን የጄድ ተራራም አላቸው። ዕቃዎን ይዘው አይሂዱ፤ ሙዚየም ዋጋ አይገምትም። ዓይንዎን ይዘው ይሂዱ። ጠርዙን፣ መደቡን፣ ልስላሴውን አይተው ይመለሱና የራስዎን እንደገና ይዩ። ቁጥሩም ዓይንዎም ካልተቃወሙ የቻይና ዕቃ ክፍል ላለው አንድ ትልቅ ጨረታ ቤት ፎቶ ይላኩ፤ ከጠየቁዎት በእጅ ያሳዩ። ብዙዎቹ የመጀመሪያውን ግምት በነፃ ይሰጣሉ። ለአንድ ብቻ ሳይሆን ለሁለት ያሳዩ። ሊገዛዎት የፈለገ ሰው ግምት ግን ግምት አይባልም።

ይህን ለሚያነቡና ለንግድ ጓንግዦ ለሚመላለሱም አንድ ነገር፦ ሻንጣ ውስጥ የሚገባ «የሃን ዘመን ጄድ» የሚሸጥልዎት ሰው ወይ እያታለለዎት ነው፣ ወይ ወንጀል ውስጥ እያስገባዎት። ቻይና ከ1911 በፊት የተሠሩ ቅርሶች ከአገር እንዲወጡ በጠቅላላው አትፈቅድም። አሜሪካም ከ2009 ጀምሮ እስከ ታንግ ዘመን መጨረሻ (907) ያለውን የአርኪዮሎጂ ዕቃ ያለ ፈቃድ አታስገባም። የእርስዎ ግን እዚያው አሜሪካ ቤት ውስጥ የነበረ ስለሆነ የግዢ ደረሰኙን ብቻ ጠብቀው ይያዙ። ሻጮቹ አሮጊቷ መቼና ከየት እንዳገኙት የሚያውቁ ከሆነም ጠይቀው በጽሑፍ ይቀበሉ፤ የቆየ ፎቶ ካላቸው ከካርዱ አሥር እጥፍ ይጠቅማል።

ለሰውዬው ደግሞ ዛሬ የሚልኩለት መልስ አጭር ይሁን፤ «እየመረመርኩት ነው»። ሚዛኑ 2.6 ካለ ቁጥሩን ይንገሩትና ዋጋውን ይድገመው።